የመስኮብ ሕዝብ ጡጫ፤ የጥንቱ ልማድና የዛሬው ትንሣኤ

አባቶቻችን መስኮብ እያሉ በሚጠሩት በሩስያ አገር፥ የክረምቱ ብርድ የወንዙን ውሃ አርግቶ እንደ ድንጋይ ካጸናው በኋላ፥ የሁለት መንደር ሰዎች በበረዶው ላይ ፊት ለፊት ተሰልፈው በባዶ እጃቸው የሚጋጠሙበት ልማድ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖሮአል። ጦርነት እንዳይባል ጠላትነት የለበትም። ተራ ጨዋታ እንዳይባል ከዚያ ሜዳ በሰው ትከሻ ተይዘው የወጡት፥ አንዳንዶቹም ነፍሳቸው ያልተመለሰችው ጥቂቶች አይደሉም። ሩስያውያን ራሳቸው «ኩላችኒ ቦይ» ይሉታል፤ የጡጫ ውጊያ ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናወሳ ያሰብነው የዚህን ልማድ ታሪክና፥ በሃያኛው መቶ ዓመት መጨረሻ «እንደገና አስነሣነው» ያሉት ሰዎች ያደረጉትን ነው። ጕዳዩን ለመመርመር ያነሣሣን ጡጫው ብቻ አይደለም። አንድ ሕዝብ የአባቶቹን ነገር ከጣለ በኋላ ተመልሶ ሲፈልገው፥ የሚያገኘው የጣለውን ነው ወይስ የተመኘውን? የሚለው ጥያቄ ስላሳሰበን ነው።

የሩስያ ታሪክ መነሻ ሆኖ የሚቈጠረው በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በኪየቭ መነኮሳት የተዘጋጀው ዜና መዋዕል ነው። በዚህ መጽሐፍ በ992 ዓመት ሥር (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን) የሚከተለው ታሪክ ይገኛል። ፔቼኔግ የሚባሉት ዘላኖች ከትሩቤዥ ወንዝ ማዶ ሰፍረው ሳሉ፥ አለቃቸው ልዑል ቭላዲሚርን ጠርቶ፤ አንድ ሰው ካንተ፥ አንድ ሰው ከእኔ ወጥተው ይታገሉ፤ ያንተ ሰው ቢጥል ሦስት ዓመት አንዋጋም፤ የእኔ ሰው ቢጥል ግን ሦስት ዓመት አገርህን እንዘርፋለን አለው። ቭላዲሚር በሰፈሩ ሁሉ ቢያስነግር ደፋር ሰው ታጣና በብርቱ አዘነ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ቀርቦ፤ ጌታዬ፥ ከአራት ልጆቼ ጋር ዘምቻለሁ፤ የሁሉ ታናሽ ግን በቤት ቀርቶአል፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የጣለው ሰው የለም፤ አንድ ቀን ቆዳ ሲያለፋ ብገሥጸው ተናዶ ቆዳውን በእጁ ቀደደው ብሎ ነገረው። ልጁ በመጣ ጊዜ በጋለ ብረት ተተኵሶ የተቈጣ ኰርማ ለቀቁበት። እርሱም ኰርማው በአጠገቡ ሲያልፍ ጐኑን ይዞ በእጁ የገባውን ያህል ቆዳ ከነሥጋው ቦጨቀ። በማግሥቱ ግዙፉን ፔቼኔግ በሁለት እጁ አፍኖ ገደለውና ከመሬት ጣለው። ልዑሉም በዚያ ስፍራ ፔሬያስላቭል የምትባለውን ከተማ መሠረተ ይላል ዜና መዋዕሉ።

አንድ አገር የጀግንነት ታሪኩን ሲጀምር የመረጠው ሰው መኰንን ሳይሆን ቆዳ አልፊ መሆኑ ያስደንቃል። ባለ እጅን የሚንቅ ሰው ይህን ታሪክ ደጋግሞ ቢያነበው አይጐዳም።

በዚሁ መጽሐፍ በ1022 ዓመት የቲሙታራካኑ ልዑል ሚስቲስላቭ ከካሶግ ሕዝብ አለቃ ከሬዴድያ ጋር መታገሉ ተጽፎአል። ስምምነታቸው በመሣሪያ ሳይሆን በትግል ብቻ እንዲሆን ነበር። ትግሉ ሲረዝም ሚስቲስላቭ ደከመ፤ ወደ እመቤታችንም ጸልዮ ድል ባደርግ ቤተ ክርስቲያን አሠራልሻለሁ ብሎ ተሳለ። ከዚያ በኋላ ሬዴድያን ከመሬት ጣለው፤ ጥሎም በካራ ገደለው። ቤተ ክርስቲያኑንም እንደ ስለቱ አሠራ። ውሉ ያለ መሣሪያ ነበረና ካራው ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም፤ ጸሐፊው ግን በዚህ ጕዳይ ያፈረ አይመስልም።

እነዚህ የልዑላንና የተመረጡ ሰዎች ትግሎች ናቸው። የተራው ሕዝብ ልማድ በመጽሐፍ የገባው በውዳሴ ሳይሆን በተግሣጽ ነው። በ1068 ኩማን የተባሉት የሜዳ ሕዝቦች ሩስያን ድል ስለ ነሡ፥ ዜና መዋዕሉን የጻፈው መነኵሴ ይህ ቅጣት የመጣብን በኃጢአታችን ነው በማለት ወገኖቹን ይወቅሳል። የጨዋታው ሜዳ በሰው እግር ተረግጦአል፤ እጅግ ብዙ ሕዝብ እርስ በርሱ እየተገፋፋ ሰይጣን የፈጠረውን ትርኢት ያሳያል፤ አብያተ ክርስቲያናት ግን ባዶአቸውን ቆመዋል ይላል። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፥ በ1274፥ ሊቀ ጳጳሱ ኪሪል በቭላዲሚር ከተማ ጉባኤ አድርጎ ከዚህ የጠነከረ ሥርዐት አወጣ። በበዓል ቀን በፉጨትና በጩኸት ሰካራሞችን እየጠራ በዱላ እስከ ሞት የሚደባደብ፥ ከሞተውም ሰው ላይ ልብሱን የሚገፍ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን እንዲለይ አዘዘ። ለእምቢተኞችም መባቸው እንዳይቀበል፥ ቢሞቱ ካህን እንዳይቆምላቸው፥ ፍትሐትም እንዳይደረግላቸው ወሰነ። አንድ ክርስቲያን ያለ ፍትሐት መቀበር ምን ማለት እንደ ሆነ ለእኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። እንዲህ ባለ ከባድ ቅጣት ያልተገታ ልማድ ሥሩ ምን ያህል የጠለቀ እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል።

አለመገታቱን የሚመሰክርልን የውጭ አገር ሰው ነው። የጀርመን ንጉሠ ነገሥት መልእክተኛ ሆኖ በ1517ና በ1526 ሞስኮ የደረሰው ሲጊስሙንድ ሄርበርሽታይን፥ በ1549 በላቲን ቋንቋ ባሳተመው መጽሐፍ ያየውን ገልጦአል። በበዓል ቀን ጐልማሶችና ልጆች ከከተማው ውስጥ ሰፊ ቦታ ላይ ይሰበሰባሉ። ምልክቱ ፉጨት ነው። ፉጨቱ እንደ ተሰማ እየሮጡ ገጥመው በእጅ፥ በእግርና በጕልበት ፊትን፥ ጕሮሮን፥ ሆድንና ብልትን ይመታታሉ፤ ብዙ ጊዜም አንዳንዶቹ ሞተው ይወሰዳሉ። ብዙ ሰው ያሸነፈ፥ ከሜዳው ዘግይቶ የወጣና ዱላውን በወንድነት የቻለ ሰው ከሁሉ ይልቅ ይመሰገናል። አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልን እንወዳለን። በ1274 ሊቀ ጳጳሱ ያወገዘው ፉጨት፥ ከሁለት መቶ አርባ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በሞስኮ አደባባይ ይሰማ ነበር።

የልማዱ አጀማመር ምን ይሆን ብለው ሩስያውያን ራሳቸው የተናገሩት አፈ ታሪክም አለ። የኖቭጎሮድ ሰዎች ክርስትናን ሲቀበሉ ፔሩን የተባለውን ጣዖት በቮልኾቭ ወንዝ ጣሉት። ጣዖቱም በውሃው ሲወሰድ በድልድዩ ላይ ዱላውን ወረወረና፤ የኖቭጎሮድ ልጆች በዚህ አስታውሱኝ አለ። የከተማይቱ ሰዎች በዚያ ድልድይ ላይ በየጊዜው ሁለት ወገን ሆነው የሚደባደቡት በዚሁ ምክንያት ነው ይባላል። ይህ ተረት ነው። ነገር ግን የከተማው ሕዝብ የራሱን ጠብ በሰይጣን ማመካኘቱ ከሰው ጠባይ የራቀ አይደለም።

ልማዱ በዝርዝር የታወቀው በአሥራ ስምንተኛውና በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ነው። ሦስት ዐይነት አገጣጠም ነበረ። አንደኛው ሰው ለሰው የሚደረገው ነው። ሁለተኛው ወገን ሳይለይ ሁሉም ሰው ለራሱ የሚማታበት ትርምስ ነው፤ ስለዚህ የሚባል ብዙ ነገር የለም። ሕዝቡን ሁሉ የሚስበውና የሩስያ ጡጫ ዋና መልክ የነበረው ግን «ስቴንካ ና ስቴንኩ» የሚሉት ነው፤ ግድግዳ በግድግዳ ላይ ማለት ነው። ጊዜው ከገና በዓል ጀምሮ ያለው የክረምት ወራት፥ በተለይም ከዐቢይ ጾም በፊት ያለው የቅቤ ሳምንት ነበር፤ እኛ ቅበላ የምንለው መሆኑ ነው። አንዱ መንደር ከሌላው፥ የወንዙ ወዲህ ማዶ ከወዲያ ማዶ፥ በከተማም የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች ከሌላው ጋር ይጋጠማሉ።

መጀመሪያ ወደ ሜዳው የሚወጡት ትንንሽ ልጆች ናቸው። እነርሱ እየተሳደቡና እየተማቱ ታላላቆቻቸውን ያነሣሣሉ። ቀጥሎ ጐበዛዝት፥ በመጨረሻም ሚስትና ልጅ ያላቸው፥ ጢማቸው የረዘመ ሰዎች ይገባሉ። በብዙ ረድፍ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ይቆማሉ፤ አለቃቸውም መካከል ሆኖ ያዛቸዋል። የአሸናፊነቱ ምልክት ብዙ ሰው መጣል ሳይሆን ሌላውን ግድግዳ ገፍቶ ከቦታው ማስለቀቅ ነው። ስለዚህ ጕልበቱን ብቻ የተማመነ ሰው፥ ከረድፉ ወጥቶ ወደ ፊት የሮጠ ሰው፥ ለወገኑ ጥቅም ሳይሆን ጕዳት ነበር። በተጠባባቂነት የሚቆሙም ነበሩ፤ ሕዝቡ ተስፋችን እያለ ይጠራቸዋል። ውጊያው ሲጠና እንዲህ ያለው ሰው ባርኔጣውን በጥርሱ ነክሶ የጠላትን ረድፍ ለመስበር ይወረወራል። ብልህ የሆነው ወገን ግን አይከለክለውም፤ በሩን ከፍቶ ያስገባውና ከኋላው ይዘጋበታል፤ በውስጥም ለእርሱ የተዘጋጁ ልምድ ያላቸው ተማቾች ይጠብቁታል። እኛ እንደሚመስለን የዚህ ጨዋታ ጥበብ ያለው ከጡጫው ይልቅ በዚህ በመክፈትና በመዝጋት ላይ ነው።

ሕጉ ጥቂት ነበረ፤ ነገር ግን ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። የወደቀ ሰው አይመታም። ደም የፈሰሰው ሰው አይመታም። ከኋላ መምታት ነውር ነው። እጅ ላይ የሚደረገው ወፍራም የሱፍ ሹራብ ነው፤ በውስጡ ብረት ወይም ድንጋይ ደብቆ የተገኘ ሰው ግን በገዛ ወገኖቹ ሳይቀር ይደበደባል። ሄርበርሽታይን ያየው በእግርና በጕልበት ብልት የሚመታበት ውጊያ ከዚህ ጋር ሲወዳደር፥ በሦስት መቶ ዓመት ውስጥ ልማዱ ራሱን እንዳረመ ያስረዳል። የቅቤው ሳምንት በሚፈጸምበት እሑድ ሰው ሁሉ ለባልንጀራው እየሰገደ ይቅርታ የሚለምንበት ሥርዐት ስላለ፥ ቅዳሜ የጐረቤቱን አፍንጫ የሰበረ ሰው እሑድ ማታ በደጁ ቆሞ ይገኛል።

መንግሥት ይህን ልማድ እንዴት ተመለከተው? የሞስኮ ነገሥታት በ1641፥ ደግመውም በ1648 የጡጫ ውጊያን የሚከለክል ትእዛዝ አወጡ። በመሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ አንድ ትእዛዝ በአጭር ጊዜ ውስጥ ደግሞ የተጻፈ እንደ ሆነ የመጀመሪያው አልተፈጸመም ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ማስተዋል የታየበት የቀዳማዊት ካትሪን ትእዛዝ ነው። በሐምሌ ወር 1726 በጴጥሮስ ከተማ የወጣው ይህ ጽሑፍ ልማዱን ከመከልከል ይልቅ ሥርዐት ያስይዘዋል። መጋጠም የሚፈልጉ ሰዎች አስቀድመው በፖሊስ ጽሕፈት ቤት ይመዝገቡ፤ ከመካከላቸው የመቶ አለቃ፥ የአምሳ አለቃና የአሥር አለቃ ይምረጡ፤ እነዚህም አለቆች ማንም ሰው መሣሪያ እንዳይዝ ይፈትሹ፤ የወደቀውን ሰው ማንም አይምታ፤ አሸዋም በዐይን አይበተን ይላል። የማዕርጉ ስም ከእኛው ሠራዊት ማዕርግ ጋር አንድ ዐይነት መሆኑ ፈገግ ያሰኛል። አሸዋው በትእዛዝ የተነሣውም የሚበትን ሰው ስለ ነበረ ነው።

በዚያ ዘመን ታላላቅ መኳንንት ሳይቀሩ ይህን ጨዋታ ይወዱ ነበር፤ በኀይሉ የታወቀው አሌክሲ ኦርሎቭ ራሱ ይማታ ነበር። ነገር ግን በቀዳማዊ ኒኮላስ ዘመን በ1832 በታተመው የሕግ መድበል ውስጥ የጡጫ ውጊያ ጐጂ መዝናኛ ተብሎ ፈጽሞ ተከለከለ። ሌርሞንቶቭ ስለ ነጋዴው ካላሽኒኮቭ የሚናገረውን ግጥም ያሳተመው ከዚህ ክልከላ ስድስት ዓመት በኋላ በ1838 ነው። በዚያ ግጥም አንድ ነጋዴ ሚስቱን የደፈረበትን የንጉሡን ባለሟል በሞስኮ ወንዝ በረዶ ላይ በጡጫ ገድሎ ራሱም በሞት ይቀጣል። ሕጉ የከለከለውን ባለቅኔው የክብር መመለሻ አደረገው።

ክልከላው በመንደር ብዙም አልሠራም። በ1873 በካዛን ከተማ የተወለደው ስመ ጥሩው ዘፋኝ ፊዮዶር ሻሊያፒን በልጅነቱ በካባን ሐይቅ በረዶ ላይ ሩስያውያንና ታታሮች ሲጋጠሙ ማየቱን በሕይወት ታሪኩ ጽፎአል። በአንድ በኩል ክርስቲያኑ፥ በሌላው በኩል እስላሙ ቆሞ፥ ውጊያው የሃይማኖት ጦርነት ሳይሆን መቅረቱ የወደቀ ሰው አይመታም የምትለዋን ሕግ ዋጋ ያሳያል።

ልማዱን ያጠፋው አዋጅ አይደለም፤ መንደሩ ራሱ መፍረሱ ነው። ከ1917 አብዮት በኋላ የቤተ ክርስቲያን በዓል ተዳከመ፤ ከ1929 ጀምሮ ገበሬው በኀይል ወደ ማኅበር እርሻ ተሰበሰበ፤ ቀጥሎም የመጣው ጦርነት የሶቪየትን ሕዝብ ወደ 27 ሚሊዮን ነፍስ አሳጣው። ለግድግዳ የሚቆም ወንድ በታጣበት መንደር ግድግዳ አይሠራም።

በዚህ መካከል በሞስኮ ሌላ ነገር ይወለድ ነበር። ነገሩ ከጡጫው የራቀ ቢመስልም ለያዝነው ጥያቄ ዋና ምስክር ስለ ሆነ ልናልፈው አንወድም። ቫሲሊ ኦሽቼፕኮቭ የተባለ ሰው የጻሩ መንግሥት እስረኞች በሚጋዙባት በሳካሊን ደሴት ከእስረኛ እናት ተወለደ። በልጅነቱ ወላጆቹ ሞቱበትና በቶክዮ የነበረው የሩስያ ኦርቶዶክስ ሚስዮን ትምህርት ቤት ተቀበለው። በ1911 ጂጎሮ ካኖ ወዳቋቋመው ወደ ኮዶካን የጁዶ ትምህርት ቤት ገብቶ፥ በ1913 የመጀመሪያውን የጥቁር መታጠቂያ ማዕርግ አገኘ። ወደ አገሩ ተመልሶ በቭላዲቮስቶክ፥ በኋላም በሞስኮ የአካል ማጐልመሻ ተቋም ጁዶን አስተማረ፤ ትምህርቱንም ለአገሩ እንዲስማማ እያደረገ አሻሻለው። በጥቅምት 1937 የጃፓን ሰላይ ነህ ተብሎ ተያዘ፤ በታሰረ በጥቂት ቀን ውስጥም በቡቲርካ ወህኒ ቤት ሞተ።

ከዐሥራ ሦስት ወር በኋላ፥ ኅዳር 16 ቀን 1938፥ የሶቪየት የስፖርት ኮሚቴ ይህንኑ ትግል በመላ አገሪቱ እንዲስፋፋ አዘዘ፤ በኋላም ሳምቦ ተባለ፤ ያለ መሣሪያ ራስን መከላከል ማለት ነው። የኦሽቼፕኮቭ ተማሪ የነበረው አናቶሊ ካርላምፒዬቭ ሳምቦ ከጆርጅያ፥ ከኡዝቤክ፥ ከታጂክና ከሌሎችም የሶቪየት ሕዝቦች ትግል የተውጣጣ ነው ሲል ጻፈ። ከእነዚህ ሕዝቦች የተወሰደ ነገር እንዳለበት አይካድም። የጃፓን ስም ግን ከታሪኩ ወጣ፤ የመምህሩም ስም አብሮ ወጣ። ኦሽቼፕኮቭ ወንጀለኛ እንዳልነበረ መንግሥት በ1957 ቢያምንም፥ ስሙ በሰፊው የተመለሰው ከ1980ዎቹ ወዲህ እንደ ሚካኢል ሉካሼቭ ያሉ የስፖርት ታሪክ ጸሐፊዎች ሰነዱን ከመረመሩ በኋላ ነው። ሳምቦ በ2021 የዓለም አቀፍ የኦሎምፒክ ኮሚቴን ሙሉ እውቅና ያገኘ ትልቅ ስፖርት ነው፤ ስለ ትልቅነቱ ክርክር የለንም። የሚያሳዝነን አንድ መልካም ነገር የአገር ተወላጅ ነው ለመባል አባቱ መደበቅ ነበረበት መባሉ ነው።

የጥንቱን ጡጫ የማንሣት ሥራ የተጀመረው በ1980ዎቹ የሶቪየት መንግሥት ሲዳከም ነው። ወጣቱ የጃፓንን ካራቴ ከተማረ በኋላ የእኛስ የት አለ ብሎ ይጠይቅ ጀመር። ለዚህ ጥያቄ ብዙ መልስ ተሰጠ። በሞስኮ አሌክሳንድር ቤሎቭ «ስላቭ ጎሪትስካ» የሚባል ትግል አቋቋመ፤ ስሙን ያወጣለት የጥንት ስላቮች ሙታናቸውን ከሚቀብሩበት ጕብታ ነው። እርሱም በጕብታው አጠገብ ይደረግ የነበረው የጦረኞች ውድድር የትግሉ ምንጭ ነው አለ። ቤሎቭ ከክርስትና በፊት ወደ ነበረው አምልኮ እንመለስ ከሚሉት ወገን ነበረ። እንግዲህ የ1068ቱ መነኵሴ ይህ ጨዋታ የአረመኔ ነው ብሎ ያወገዘውን፥ የሃያኛው መቶ ዓመት ሰው ይህ ጨዋታ የአረመኔ ነው ብሎ አከበረው። ሁለቱ በፍርድ ቢለያዩም በቃላቸው አንድ ናቸው፤ ከመንደሩ ሰው ግን ማንኛቸውም አልጠየቁም። በክራስኖዳር ደግሞ በወታደር ትምህርት ቤት መካኒክስ ያስተምር የነበረው አሌክሲ ካዶችኒኮቭ (1935–2019) የሰውን አካል እንደ መፈንቅልና እንደ መዘውር እያሰላ የሚያስተምር ሌላ ዘዴ አወጣ፤ ብዙ ተከታይም አገኘ።

ሦስተኛው ወገን ጫማውን አጥልቆ ወደ መንደር የወረደው ነው። ቦሪስ ጎርቡኖቭ የምሥራቅ ስላቮችን የእጅ በእጅ ውድድር ከመዝገብ ቤት ሰነድና ከሽማግሌዎች ቃል ሰብስቦ በ1990ዎቹ አሳተመ። በቲቬር ከተማ ግሪጎሪ ባዝሎቭ የሰሜን ምዕራብ ሩስያ መንደሮችን እየዞረ አረጋውያንን ጠየቀ፤ በ2002ም የመንደር ተማቾች ማኅበርን የሚመለከት የምርምር ጽሑፍ አቀረበ። ያገኘውም ነገር የጠበቁትን አይመስልም። በቲቬር፥ በፕስኮቭና በኖቭጎሮድ መንደሮች ጐበዛዝት በበዓል ቀን ተሰብስበው በአኮርዲዮን ድምፅ ይሄዳሉ። ለድብድብ የተለየ ዜማ አለ። ያ ዜማ ሲመታ አንዱ ወደ መካከል ወጥቶ ሰውነቱን እየሰበረና እየተንገዳገደ፥ አጫጭር ቃል እያዜመ ይጨፍራል፤ ጭፈራው ፉከራም፥ ማማለያም፥ አካል ማፍታቻም ነው። ከጭፈራው ወደ ጡጫ የሚታለፍበት ድንበር አይታወቅም። ባዝሎቭ ከዚህ ተነሥቶ ቡዛ የሚባለውን ትምህርት አቋቋመ።

በእኛ አስተያየት ከሦስቱ ወደ እውነት የቀረበው ይህ የመጨረሻው ነው። ይሁን እንጂ እርሱም ቢሆን አንድ ነገር መለወጡ አልቀረም። በመንደር የነበረው ጡጫ መምህር አልነበረውም፤ ክፍያ፥ ማዕርግና መታጠቂያም አያውቅም። ልጁ የሚማረው ከፊት ረድፍ ቆሞ ከእኩዮቹ ጋር በመማታት፥ ከዚያም አባቱ ሲማታ በማየት ነበር። ዛሬ ግን ተማሪው የማያውቀው ሰው ወዳለበት አዳራሽ በሰዓት ይሄዳል። ይህን የምንለው ለመንቀፍ አይደለም፤ መንደሩ ከሌለ ከአዳራሽ በቀር ሌላ ቦታ የለም። የምንነቅፈው በ1980ዎቹ የተሠራውን ነገር የሺህ ዓመት ዕድሜ አለው ብሎ ለልጅ መንገርን ነው። እውነተኛው ዕድሜ ሲገለጥ ልጁ የሐሰቱን ብቻ ሳይሆን የእውነተኛውንም ታሪክ አብሮ ይጥለዋልና።

በዛሬው ጊዜ በብዙ የሩስያ ከተሞች በቅቤው ሳምንት የግድግዳ ውጊያ ይታያል። በታምቦቭ አውራጃ አትማኖቭ ኡጎል በምትባል መንደር ደግሞ በመንደሪቱ ስም የተሰየመ የጡጫ በዓል ይከበራል፤ ከሌላ አውራጃ ሳይቀር ተማቾች ይመጡበታል። በእንደዚህ ያለው ሜዳ የሚገናኙት ብዙዎቹ የከተማ ሰዎች፥ ተማሪዎችና ሠራተኞች ናቸው፤ ተሰልፈው ይጋጠማሉ፥ የወደቀውን ያልፉታል፥ ሲጨርሱም ተቃቅፈው ይለያያሉ።